የግራዝማች ድርሻ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፭ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.፤ ንፋስ መውጫ

መጣ! ከአለቱ ሮጬ መውረዴ ነው፤ ጽሕፈቴም ዶሮ የጫረው መስሏል። ይሁን፣ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ግራዝማች ሰው አይደለም። ከቤታችን በላይ ባለው አለት ላይ አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ የሚሰባብረው፣ ከአፉ ሥር ጢም ያንጠለጠለው ትልቁ አሞራ ነው። ጢሙንና የደረቱን አነፋፍ አይቼ ማዕረጉን የሰጠሁት እኔው ነኝ። በጥር፣ በየሠርጉ ቤት ከብት ሲታረድ፣ ከትምህርት ቤቱ ጣራ በላይ በየቀኑ ያንዣብብ ነበር። ያኔ ለካሜራዬ ፊልም አልነበረኝም። ፊልም ሳገኝ ደግሞ ጾም ገባ። ጾም ሲገባ ቢላዋው ወደ አፎቱ ተመለሰ፤ አሞራውም ጭላቱም ከከተማው ወጣ። በክርስቲያን ከተማ የሚኖር አሞራ ሳይወድ በግዱ ሁዳዴ ይጾማል።

መላውን ያመጣችው ተዋበች ናት። እሷና እኔ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፣ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን፣ ከአንድ ገበታ እንበላለን። «እማማ ዘይነባ ቤት አጥንት አይጠፋም፤ እስላም ሁዳዴ የለበት» አለችኝ። እውነትም እማማ ዘይነባ አንድ የጭን አጥንት ከነጅማቱ ሰጡን። «ለአሞራ ነው» ስላቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ።

እኔ በጆንያ ልጠቀልለው ነበር። ተዋበች ከለከለችኝ። «በሁዳዴ ደም የነካው ጆንያ ተሸክመን በገበያ መሐል ልናልፍ? በአገልግሌ እንያዘው። ያየ ሁሉ ምሳ ይመስለዋል።» አገልግሉ አዲስ ነው፤ የታጨችለት ልጅ እናት ወይዘሮ ታንጉት በቆዳ አስለብጠው የሰጧት ነው። «አይቆሽሽብሽም?» ብላት «ይታጠባል» አለች።

አጥንቱን አለቱ ላይ አኑረን ድንጋይ ተከልለን ተቀመጥን። የዚህ አገር ንፋስ ነጠላ ከሰው ላይ ገፎ ይወስዳል። እግሬ ደንዝዞ ተስፋ ልቆርጥ ስል ጥላው በፊታችን አለፈ። አጥንቱን አነሳ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ለቀቀው፤ ሲሰነጠቅ እንደ ጥይት ጮኸ። ሊያነሳው ዞሮ ሲወርድ፣ ክንፉ እንደተዘረጋ፣ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ከበታቹ እያበራ፣ የካሜራዬን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀጭ። የፊልሙ የመጨረሻዋ ነበረች። ተዋበች ከኋላዬ ሆና እንደ ልጅ አጨበጨበች። «ያዝሽው? ብርነሽ፣ ያዝሽው?»

መያዜን ፊልሙ ሲታጠብ ነው የማውቀው። ደስታዬን ግን አሁን አውቀዋለሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ ፮፤ ሆሣዕና

የዘንባባ ቀለበት በጣቴ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፊልሙን ወደ ደብረ ታቦር ለሚወርድ ባለ በቅሎ ነጋዴ ሰጠሁት፤ ከዚያ በመኪና ጎንደር ይገባል፣ ታጥቦ ይመለሳል። ባለ በቅሎው የቁራ መልክተኛ እንዳይሆንብኝ በልጆቹ ስም አስምዬዋለሁ።

ፊልሙ ላይ ያሉት፦ በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሥር ያደሩ እርግቦች። በባንዲራው እንጨት ላይ የተቀመጠ ቁራ፤ ባንዲራ ሲወርድ እንኳ አልነሣም ብሎ ዘበኛው በጃንሆይ ስም ሰድቦታል። ከአከራያችን ከእትዬ ጥሩወርቅ ሣር ክዳን ጭራሮ የምትሰርቅ ድንቢጥ። በተዘጋው ሥጋ ቤት ጣራ ላይ ደጅ የሚጠና ጭላት። መስኮታችን ላይ ዋኖስ (ተንቀሳቅሳለች፤ ሳትደበዝዝ አትቀርም)። ግራዝማች።

ሲመጡ ከክፍሌ ግድግዳ ላይ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ዝቅ ብሎ፣ በተርታ እለጥፋቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ወፍ ሲያዩ ድንጋይ ማንሣት ነው የሚቀናቸው። ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን ይወቁ።

አገልግሉን ትናንት በሙቅ ውሃና በአመድ አሸሁት፤ ዛሬ ፀሐይ ላይ ዋለ።

ከነገ ጀምሮ ሕማማት ነው። ይሁዳ ጌታውን የሸጠው በመሳም ነውና እስከ ፋሲካ መሳሳም የለም፣ ሰላምታ የለም፣ መስቀል መሳለምም የለም። ተዋበች ልትተኛ ስትል «የሳምንቱን ባንዴ ልሳምሽ» ብላ ሁለቱን ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፯

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ወይዘሮ ታንጉት ለሐሙስ ጉልባን የሚሆን ስንዴና ባቄላ ይዘውልን መጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ይህን አልክድም። «አገልግልሽን አምጭው፣ እዚያ ልገልብጥልሽ» አሏት ተዋበችን። እኔ ደብተር እያረምኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ወይዘሮ ታንጉት እጃቸውን አገልግሉ ውስጥ አስገቡ፣ ሰፌቱን በጣታቸው ዳበሱ፣ አንድ ስንጥር አጥንት ይዘው ወጡ። ጣታቸውን አሸተቱ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ተዋበች ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አገልግሉ የሷ፣ ሐሳቡ የሷ፣ አማቷ የሷ።

«ብርነሽ ተውሳኝ ነበር» አለች። ወደ እኔ አላየችም።

ለአሞራ መሆኑን እኔው ነገርኳቸው። ካሜራውን አወጣሁ፣ ስለ ግራዝማች አስረዳሁ። ወይዘሮ ታንጉት እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ለአሞራ ምሳ በአገልግል ሲቋጠርለት ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ። «ለመሆኑ አጥንቱ ከየት መጣ በሁዳዴ?» ብለው ጠየቁ። ከእማማ ዘይነባ መሆኑን ተናገርኩ። መዋሸት ነበረብኝ? ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ጾም መፍታት አንድ ነገር ነው፤ በእስላም ቢላዋ የታረደ በልቶ ጾም መፍታት ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ ተዋበች ዞሩ። «አንችስ? አብረሽ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም። የት እንደወሰደችው አላየሁም።»

አላየሁም! ጭብጨባዋ ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

ወይዘሮ ታንጉት አገልግሉን ደጅ አውጥተው ጣሉት። እህሉን ይዘው ሄዱ። ተዋበች ተከትላቸው ወጣች። ሲመሽ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፰

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጧት ትምህርት ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ተቀምጧል።

ችግሩ ደግሞ ሕማማት መሆኑ ነው። ዘበኛው ሰላም አላለኝም፤ ዲሬክተሩ ሰላም አላለኝም፤ የጠላ ሻጯ ልጅ አይታኝ መንገድ አቋረጠች። በጾሙ ሥርዓት ነው ወይስ በላሁት በተባለው ሥጋ? ማንን ልጠይቅ? በሌላ ሳምንት ቢሆን ማን እንዳኮረፈኝ ቆጥሬ አውቅ ነበር። በዚህ ሳምንት የሚጸየፈኝም የሚያዝንልኝም አንድ ዓይነት አንገት ነው የሚደፋው።

በእረፍት ሰዓት ተዋበችን ከክፍሉ ጀርባ አገኘኋት። ልጮህባት ነበር የሄድኩት።

«እውነቱን ንገሪያቸው» አልኳት።

«ብነግራቸው እጮኝነቱ ይፈርሳል።»

«የእኔስ ስም?»

አለቀሰች። ስታለቅስ ታሳዝናለች፤ ይኼም ያናድዳል። «አንች አባት አለሽ» አለችኝ። «የኔታ ያምኑሻል። እኔ ማን አለኝ? አክስቴ እንኳ ከቤቷ እንድወጣላት ነው የምትቸኩል። ወይዘሮ ታንጉት ከተዉኝ ወዴት ልግባ? አንች ትችይዋለሽ፣ ብርነሽ።»

ትችይዋለሽ። እኔን ሳትጠይቅ ለካችኝ፣ ትከሻዬን አየች፣ ሸክሙን ጣለችብኝ።

አባቴ። እስከዚያች ደቂቃ አባቴን አላሰብኩም ነበር። ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ በሆነው በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው። ከሩቅ የመጣ ተማሪ እግራቸው ሥር ነው የሚቀመጠው። «የየኔታ ልጅ በሁዳዴ ሥጋ በላች» ሲባል በየትኛው ፊታቸው ቅኔ ማሕሌት ይቆማሉ? ደግሞስ ያምኑኛል? እናቴ ከሞተች ጀምሮ አባቴና እኔ ብዙ አናወራም። ሴት ልጅ ወደ አስኳላ እንድትሄድ የፈቀዱት ከዘመድ ሁሉ ጋር ተጣልተው ነው። «ይኸው ትምህርቷ» የሚላቸው አይጠፋም።

ልለያት ስል ተዋበች እጄን ያዘችኝ። «ፎቶው ላይ አለሁ እንዴ?» አለች።

«እንጃ» አልኳት። አውቃለሁ። ከኋላዬ ነበረች፣ ልትወጣ አትችልም። ግን ፊልሙ እስኪመጣ ትጨነቅ ብዬ ነው። ክፉ ነኝ? ልሁን።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፱

እትዬ ጥሩወርቅ ያዋሱንን እንስራ ወሰዱ። «ለፋሲካ ጠላ ልጠምቅበት ነው» አሉ። በረቡዕ ለእሑድ ጠላ የሚጠምቅ ሰው አላየሁም። የተዋበችን የውሃ ቅል ግን አልነኩም።

እማማ ዘይነባ ሰምተው ሰው ላኩብኝ። ሄድኩ። የዛሬው ፊታቸው ሌላ ነው። «ልጄ፣ የእኛ አጥንት ይህን ያህል ገደል የሚከት ነው?» አሉኝ። «ካሻሽ ወጥቼ እመሰክርልሻለሁ። ሁለታችሁም ነበራችሁ፣ ያች ቀዩዋ ናት አገልግሉን የከፈተችው፣ ሥጋም አልነበረበት እላለሁ።» እጃቸውን ይዤ እንዳይወጡ ለመንኳቸው። እሳቸው ቢመሰክሩልኝ «አየሽ፣ ቤተኛቸው ናት» ነው የሚባለው። ይህንንም አስረዳኋቸው። እሺ አሉ፣ ግን እንደተቀየሙ አውቃለሁ። ለአሞራ ብለው ደግ የሠሩ ሴት በእኔ ምክንያት አፍረው ገቡ።

ከዚያ የነፍስ አባቴ ጋ። ነገሩን ከራስ እስከ እግሩ ነገርኳቸው፣ የተዋበችን ስም ብቻ ትቼ። ለምን እንደተውኩት አላውቅም። ሦስት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። «በሕማማት ፍትሐት የለም፣ ልጄ። ከትንሣኤ በኋላ ነይ» አሉኝ። አመኑኝ ወይ? ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። የሁሉም ሰው ፊት በዚህ ሳምንት የተዘጋ በር ነው።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ነገ በማለዳ ለስቅለት ቤተ ልሔም የሚሄዱ ሁለት ባልቴቶች አሉ። አብሬያቸው እሄዳለሁ። አባቴ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ይህን ለተማሪዎቼ ተረት ብዬ አስተምራለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፲፤ ቤተ ልሔም

ቀኑን ሙሉ መንገድ። ባልቴቶቹ አላወቁኝም፣ ወይም እንዳላወቁ ሆኑ። የታረሰው መሬት ደርቆ ቆሟል። ከገደሉ አፍ ላይ ጆፌ አሞራዎች ሲዞሩ አየሁ፤ ካሜራዬን አላወጣሁም። ባወጣስ ፊልም የለው።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። ቆሙ። አልሳሙኝም።

ሕማማት ነው፣ አውቃለሁ። በሕማማት ማንም ማንንም አይስም። ግን ከገና ወዲህ አልተያየንም። ቢያንስ «ደህና ገባሽ?» ይባላል። «ገብተሻል» ብቻ አሉ። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ገቡ።

ጉልባን ቀረበ። አብረን ከአንድ ሳህን በላን። እጃችን ሳህኑ ውስጥ ሲገናኝ እጄን አነሣሁ። «ብይ እንጂ» አሉ።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት «ጸሎት ላይ ነኝ» ብለው መጽሐፋቸውን ገለጡ። ሰምተዋል። ሰምተው ነው። ለዚህ ነው የማይሰሙኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ ፲፩፤ ስቅለት

ጉልበቴ አልቋል። ከጧት እስከ ማታ ስግደት።

አባቴ ከፊት ሆነው ይመራሉ። ድምፃቸው ሻክሯል፣ ግን አይሰበርም። ሕዝቡ ሁሉ ሲወድቅ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ መሬት መሬቱን አየሁ። ቀና ብዬ ብገናኛቸው ምን እንደማነብ ፈርቼ ነው።

ማታ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ እያደረጉ ኃጢአታችንን ይጠይቃሉ፤ ስግደት ያዛሉ። ተራዬ ደረሰ። ምን ልበል? ያልበላሁትን ሥጋ? «ሰው ጠልቻለሁ» አልኩ። እውነት ነው። በእያንዳንዱ ስግደት ግንባሬ መሬት ሲነካ የማየው ተዋበችን ነው፤ አላየሁም ስትል የነበረው አፏን። ቄሱ «እሱ ብዙ ያሰግዳል» አሉና ቸብ አደረጉኝ።

ሰገድኩ። አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ፲፪

ቄጤማ ተሰጠ። ሰው ሁሉ በራሱ ላይ አሰረ። ርግቧ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ የመጣችበት ምልክት ነው ይላሉ። ሄዶ የቀረውን ቁራም ካህናቱ አስታወሱ፣ እንደ ልማዳቸው አንቋሸሹት። አዘንኩለት። ባንዲራ ላይ የተቀመጠው ቁራዬ ማንንም አልከዳም።

አባቴ ዛሬም ምንም። ውሃ ቀዳሁ፣ ቤት ጠረግሁ። አንድ ጊዜ ደፍሬ «አባባ፣ የምነግርዎ አለኝ» አልኳቸው። «ነገ» አሉ።

ነገ ምን? ነገ «ከቤቴ ውጪ» ሊሉኝ?

እሑድ፣ ሚያዝያ ፲፫፤ ፋሲካ

ቀስ ብዬ ልጻፍ። አንድም ቃል እንዳይጠፋኝ።

ጧት አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ገቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መቋሚያቸውን አቆሙ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ እስኪ፣ ብሬ» አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ፣ ጉንጬን፣ ጉንጬን፣ እንደገና ግንባሬን። ጢማቸው ዕጣን ዕጣን ይላል። እኔ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

«ሰምተዋል አይደል?» አልኳቸው።

«ረቡዕ ነው የሰማሁ። ከገበያ የመጣ ሁሉ ይኸንኑ ነው የሚያወራ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

ገርሟቸው አዩኝ። «ሕማማት ነዋ! በሕማማት ልስምሽ ኖሯል? ወቀሳውም ምርቃቱም ለፋሲካ ይቆያል። አንች ደግሞ ዝም ባልኩ ጊዜ ጠረጠረኝ ብለሽ ነው?» «ዓይኔን ብታዪ ኖሮ ታውቂው ነበር» አሉ፤ «አንች ግን አንገትሽን ደፍተሽ ሰነበትሽ።»

«አልበላሁም፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። ሥጋ የፈለገ ሰው አጥንት ተሸክሞ አለት ላይ አይወጣም። ደግሞ አንችን ነው የማላውቅሽ? ዳዊት ላስደግምሽ ስቀመጥ ዓይንሽ ከጣራው ድንቢጥ ላይ አይነሣም ነበር። ይልቅ ስለ አሞራው አውሪኝ።»

ጾም እየፈታን ስለ ግራዝማች ነገርኳቸው። ማዕረጉን ሲሰሙ ሳቁ። ትን እስኪላቸው ሳቁ። ፎቶውን ማየት ፈለጉ። ገና ጎንደር መሆኑን፣ ወጣ አልወጣ እንደማላውቅ፣ የማሳየው ምንም ማስረጃ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። «ማን ማስረጃ ጠየቀሽ?» አሉ።

ቅልጥም በአባቴ ቤት የአባቴ ነው። ማንም አይነካባቸውም። ዛሬ ግን ከበጉ ቅልጥም ላይ ሥጋውን ብቻ ጋጥ አድርገው፣ አጥንቱን ሳይሰብሩ፣ ከነመቅኔው እንዳለ ወደ ጎን አኖሩት። «ይኼ የግራዝማች ድርሻ ነው» አሉ። ለድግስ ሲጠሩ የሚይዙትን አሮጌ አገልግላቸውን አወረዱ፣ ከተቱት፣ ጠፍሩን አሰሩ። «በጆንያ እንዳትይዥው። በአገልግል፣ በገበያው መሐል ይዘሽ እለፊ።»

በኋላ ብቻ፣ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ፣ ድንገት ጠየቁኝ። «ያ አገልግል የማን ነበር?»

«የተዋበች።»

«ያች አባት የሌላት?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። እኔም አልጨመርኩም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፲፭፤ ንፋስ መውጫ

በገበያው መሐል አገልግሉን አንጠልጥዬ ገባሁ። አንዳንዱ ሳመኝ፣ አንዳንዱ አላየኝም። አሁን ሕማማት አልፏልና ማን ማን እንደሆነ አወቅሁ። እማማ ዘይነባ ከበራቸው ሆነው አገልግሉን ሲያዩ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ፣ ትከሻቸው በሳቅ ተርገፈገፈ። ቀለለኝ። ወይዘሮ ታንጉት ፊታቸውን አዞሩ። የእትዬ ጥሩወርቅ እንስራ አልተመለሰም።

ተዋበች እቤት ነበረች። ልትስመኝ ተነሣች። ጉንጬን አልሰጠኋትም፣ አልነሳኋትምም፤ እንደ ግድግዳ ቆምኩላት።

«የኔታ አመኑሽ?» አለች።

«አመኑኝ።»

ፊቷ በራ። «አላልኩሽም?»

እውነቷን ነው የተደሰተችው። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አባቴን ከእኔ ይልቅ እሷ አምናቸዋለች፤ ልክም ነበረች። በእኔና በአባቴ መካከል ያለውን ፍቅር አይታ፣ ከራሴ አብልጣ አይታ፣ ለራሷ መጠቀሚያ አደረገችው። ሁለት ሰው የሚችለውን ለአንድ ሰው አሸክማ «አላልኩሽም?» ትላለች። ብትለምነኝ ኖሮ እሸከምላት ነበር። ሰኞ ዕለት አንዴ ብቻ ወደ እኔ ብታይ፣ በዓይኗ ብትለምነኝ፣ እሺ እል ነበር። ይኼን እንኳ አታውቅም።

«ፎቶው ላይስ?» አለች ቀስ ብላ።

ልዋሻት እችል ነበር። ደከመኝ። «የለሽም። ከኋላዬ ነበርሽ።»

«እፎይ!» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አልጋው ላይ ተቀመጠች። በእኔ መመለስ፣ በአባቴ ማመን፣ በምንም እንዲህ አልተነፈሰችም።

አገልግሉን ይዤ ብቻዬን አለቱ ላይ ወጣሁ። ካሜራው ባዶ ነው፤ ከልማድ ግን አንገቴ ላይ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ከተማው ሁሉ አጥንት በአጥንት ሆኗል፤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ቅልጥሙን አኑሬ ተቀመጥኩ።

መጣ። ካለፈው ይልቅ ዝቅ ብሎ፣ የጢሙ ፀጉር እስኪለይ ድረስ። የአባቴን ቅልጥም አነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ለቀቀው። ተሰነጠቀ።

ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ያጨበጨበ የለም።